የኤሌክትሪክ መኪና ስንይዝ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ የማይፈራውን ፈርተን የሚፈራውን ስንተው

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ አዳማ ላይ የመኪና ወሬ ማለት የባትሪ ወሬ ሆኗል። አንዱ «በቆመበት ይቃጠላል» ይላል። ሌላው «በዝናብ ይነዝራል» ብሎ ይምላል። ሦስተኛው «እጅህን ልቀቀው፣ ራሱ ይሄዳል» እያለ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያሳያል። የሚገርመው ነገር፣ ብዙ የሚወራላቸው አደጋዎች ያን ያህል አያሰጉም። የሚያሰጉት ደግሞ ወሬም የላቸው።

ባትሪውን እየፈሩ ኤክስቴንሽኑን ማመን

ባትሪ አይቃጠልም አልልም። ከተያያዘ ለማጥፋት ያስቸግራል፤ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ጠፋ ሲሉትም ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። ግን በእሳት በመያያዝ የነዳጁ መኪና ይብሳል።

እኔን የሚያስፈራኝ ከሳሎን ሶኬት ተነስቶ፣ በመስኮት ወጥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ መኪናው ድረስ የሚዘረጋው ቀጭን ኤክስቴንሽን ነው። ያ ገመድ የተሠራው ለቴሌቪዥንና ለስልክ ነው። መኪና ከተራ ሶኬት ሲሞላ 10 አምፔር ገደማ፣ ማለትም ከ2 ኪሎዋት በላይ ይስባል። የኤሌክትሪክ ምጣድም ብዙ ይስባል፤ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል። መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ እንደተሰካ ያድራል። የተረፈው ገመድ ተጠቅልሎ ከተቀመጠማ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ቻርጅ ካደረጉ ከአንድ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በመዳፍዎ ይንኩት። ለብ ማለቱ ያለ ነው። የሚያቃጥል ከሆነ ወይም የሶኬቱ ፕላስቲክ ቡኒ መሆን ከጀመረ ቻርጁን ያቁሙ። ከዚያ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ የራሱ ብሬከር ያለው ወፍራም መስመር ያዘርጉ። ከአከራይ ጋር ያጨቃጭቅ ይሆናል፤ ቢያጨቃጭቅም ይሻላል።

ኧርዙንም፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ፣ ያስፈትሹ። አንዳንድ ቤት ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ አለው፣ ከጀርባው ግን ምንም ሽቦ የለም። ቻርጀሩ ቀይ እያበራ አልሞላም ካለ «ተበላሽቷል» ከማለትዎ በፊት መጀመሪያ እዚያ ይመልከቱ። አንዳንዱ ሠራተኛ ቻርጀሩን ለማታለል ኧርዙን ከኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር ያስረዋል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ባለቤቱም ይመርቀዋል። ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን ግን የመኪናው ቆርቆሮ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። እንዲህ የሚሠራ ሰው ቤትዎን እንዲነካ አይፍቀዱ።

በስክሪኑ ኪሎሜትር ብቻ መንገድ መውጣት

ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች ላይ የሚነገረው ርቀት ሲኤልቲሲ በሚባል መለኪያ የተለካ ነው። ከአውሮፓው መለኪያ ይልቅ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወርድ ሰው ይህ አይታወቀውም። ጉዱ የሚመጣው በመልሱ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ገደማ። ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ይበላል። በዚያ ላይ በ120 ሲነዱ የሚገጥምዎ የአየር ግፊት በ100 ከሚገጥመው በ44 ከመቶ ይበልጣል።

ስለዚህ ሲመጡ የፈጀው ባትሪ ለመልስ መለኪያ አይሆንም። የፍጥነት መንገዱ ላይ ባትሪ አልቆ ከቆሙ ጀሪካን ይዞ የሚደርስልዎ የለም፤ የሚጎትት መኪና መጠበቅ ነው።

«ራሱ ይነዳል» ብሎ ማመን

ራስን በራስ የመንዳት ደረጃ ከ0 እስከ 5 ይቆጠራል። እዚህ ከተማ የምናያቸው መኪኖች ከ2 አያልፉም። መሪ ያስተካክላሉ፣ ርቀት ይጠብቃሉ፣ ፍሬን ይይዛሉ። ነጂውም ተጠያቂውም ግን ሹፌሩ ነው። ሹፌር የሌለው ታክሲ በዓለም ላይ አለ፤ ዌይሞ የሚባል ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ በፊኒክስና በሳን ፍራንሲስኮ ያሠራል። እነዚያም የሚሄዱት አስቀድሞ በዝርዝር ካርታ በተነሳ አካባቢ ነው።

የፍጥነት መንገዱ ያታልላል። መስመሩ የደመቀ፣ ዳሩ የታጠረ ስለሆነ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሹፌር ይዝናናል። ከቶሉ ወጥቶ ከተማ ሲገባ ግን መስመሩ ተሰርዟል፣ ከግራ ባጃጅ ይገባበታል፣ ከቀኝ የፈረስ ጋሪ ይቆምበታል። እነዚህ ሲስተሞች በዋናነት የሚፈተኑት በመኪና፣ በእግረኛ፣ በብስክሌትና በሞተር ነው። ጋሪ ማን አስቦለት!

ወደ አዋሽ በሚወስደው የጅቡቲ መንገድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ተሳቢ ተበላሽቶ አስፋልት ላይ ቆሟል፤ ሹፌሩ ከኋላው ድንጋይ ደርድሮ ቅጠል ጥሏል። እርስዎ ቅጠሉን ከሩቅ አይተው ምን እንዳለ ይገባዎታል። መኪናው ይህን አያውቅም። ብዙ መኪኖች፣ የመመሪያ መጽሐፋቸው ራሱ እንደሚያስጠነቅቀው፣ በፍጥነት እየሄዱ ለቆመ ነገር ፍሬን ላይዙ ይችላሉ።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ቻይና ውስጥ ሻኦሚ ኤስዩ7 የሚባል አንድ የኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት 116 ኪሎሜትር በዚህ አጋዥ ሲስተም ሲሄድ ጥገና ላይ ያለ መንገድ ገጠመው። አስጠነቀቀ፣ ሹፌሯም መሪውን ያዘች። ኮንክሪቱን እስኪመታ የቀረው ጊዜ ግን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነበር። ሦስት ሰው ሞተ። በቀጣዩ ወር የቻይና መንግሥት አምራቾቹን ሰብስቦ የዚህን ሲስተም ማስታወቂያ አታጋንኑ አላቸው። እኛ የምናየው ቪዲዮ ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

የኔ ምክር፦ ከተማ ውስጥ መስመር ጠባቂውን፣ ማለትም መኪናው ከመስመሩ እንዳይወጣ መሪውን የሚያስተካክለውን ሲስተም፣ ያጥፉት። ጉድጓድ ለመሸሽ ፍሬቻ ሳያበሩ ሲጠመዝዙ መሪውን መልሶ ይጎትትብዎታል። የድንገተኛ ፍሬኑን ግን አያጥፉት። ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነም የማስጠንቀቂያዎቹን ትርጉም ሳያውቁ ከሻጩ ግቢ አይውጡ።

ድምፅ እንደሌለው መርሳት

እግረኛ በጆሮው ነው የሚሻገረው። ገበያ አካባቢ ቀስ ሲሉ መኪናዎ አይሰማም። አውሮፓ አዳዲሶቹ እስከ 20 ኪሎሜትር ፍጥነት ድረስ ድምፅ እንዲያሰሙ አስገድዳለች። የእርስዎ መኪና ይህ ካለው «ይረብሻል» ብለው አያስጠፉት።

ዝናብ ፈርቶ ጎርፍ መድፈር

ዝናብ ላይ መንዳት ችግር የለውም፤ ባትሪው የታሸገ ነው። በክረምት ከተራራው ወደ ከተማው የሚወርደው ጎርፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥልቀቱን ሳያውቁ «የታሸገ ነው» ብለው አይግቡበት፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይወርዳል፣ ባትሪው ደግሞ ሆድ ሥር ነው።

ማንኛውም ጋራዥ ውስጥ ማስበየድ

ቦኔቱን ሲከፍቱ የሚታየው ብርቱካናማ ገመድ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያልፍበት ነው። መኪናው ተጋጭቶ ቦዲ የሚሠራለት ከሆነ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩ የት እንደሚቋረጥ ይጠይቁ። መካኒኩ ካላወቀ መኪናውን ጭነው ወደሚያውቅ ይውሰዱት።