ኮምፕሬሽኑ የሞተ የሚመስል የጀልባ ሞተር

ሰበታ ያየነው ያገለገለ የጀልባ ሞተር ባለ 2 ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክ ነው። ለዝዋይ ሐይቅ ነው የፈለግነው። የኮምፕሬሽን ጌጅ (ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚለካ) ስናስገባ ሁለቱም ሲሊንደሮች 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አልሞሉም። ሻጩ «ትናንት ሲሠራ ነበር» ይላል። እንዲህ የማይል ሻጭ የለም መቼም። ጌጅ ቀየርን፣ የጌጁን ጎሚኒ አየን። ወፍ የለም።

የሠራው ይሄ ነው። ሁለቱንም ካንዴላ ፈታን። የካንዴላ ገመዶቹን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘን፤ ካልሆነ ኢግኒሽኑ ሊቃጠል ይችላል። ኒውትራል ላይ የነዳጅ እጀታው ሙሉ አይዞርም፤ ስለዚህ ካርቡሬተሩን (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለውን) በእጅ እስከ መጨረሻ ከፍተን፣ የጌጁ መርፌ መውጣት እስኪያቆም ማስነሻ ገመዱን ሳብን። 115 እና 112! ካርቡሬተሩ ከተዘጋ በቂ አየር አይገባም፤ ታዲያ ምን ይታመቃል?

ቁጥሩ ከሞተር ሞተር ይለያያል። የሁለቱ ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጋስኬት ሳይበላ አይቀርም፤ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት አስፈትሹት።