የቆየ የአትክልት ትራክተር ሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ ዘይት ሲያፈስ፦ ምንጩን እንዴት ማግኘትና ማስተካከል ይቻላል?

በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል በሚገኝ አንድ የቆየ ግቢ ውስጥ ሣር የምናጭድበት አሜሪካ ሠራሽ ትራክተር አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ሣሩ ፋታ ስለማይሰጥ ማሽኑም አያርፍም። የዛሬ ሁለት ክረምት ከኋላ ጎማው በስተውስጥ በኩል ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። እኔም ነገሩ የግማሽ ቀን ሥራ መስሎኝ ገባሁበትና ሁለት ጊዜ ተሳስቼ፣ ሁለት ጊዜም ሰባት ሊትር ያህል ዘይት አፍስሼ በሦስተኛው ተሳካልኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ሦስተኛውን አካሄድ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ካምቢዮው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ ማርሽ አይቀይርም። ሞተሩ በቺንጋ ወይም በዘንግ አማካይነት የፒስተን ፖምፓ ያዞራል፤ ፖምፓው የሚገፋው ዘይት ደግሞ ሌላ የፒስተን ሞተር ያዞራል፤ ጎማዎቹን የሚነዳው ይህ ሁለተኛው ነው። በፖምፓው ውስጥ የሚጋደል ሰሃን አለ፤ በፔዳል ወይም በእጅ ማንሻ ወደ ፊት ሲጋደል ማሽኑ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ሲጋደል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቀጥ ሲል ይቆማል። ቻርጅ ፖምፓ የሚባል ትንሽ ፖምፓ ደግሞ በውስጥ የሚያመልጠውን ዘይት ሳያቋርጥ ይተካል። ዘይቱ ኃይል አስተላላፊም፣ ማለስለሻም፣ ማቀዝቀዣም በመሆኑ ደረጃው ሲወርድ ፖምፓው አየር ይስባል፤ ዘይቱ አረፋ ያወጣል፤ ማሽኑ ያፏጫል፤ ዳገት ላይም ይደክማል። መንጠባጠቡን ችላ ማለት የማይገባው ወለል ስለሚያቆሽሽ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ከሥራው በፊት ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የፊት ጎማዎቹ ይታገዱ፤ የኋላው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ በተያዘ ማሽን ሥር መግባት አይገባም። መቀመጫውና የኋላው መከላከያ ቢፈታ አሥር ደቂቃ ይፈጃል እንጂ ብዙ ድካም ያድናል።

ቀጥሎ ካምቢዮውን በናፍጣና በብሩሽ አጥበው ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። ለመኪና እጥበት የሚያገለግለውን የግፊት ውሃ እንዲጠቀሙ አልመክርም፤ ውሃው በመተንፈሻው (በካምቢዮው የአየር መውጫ) ገብቶ ዘይቱን ወተት ያስመስለዋል፣ ያረጁትንም ኦይል ሲሎች፣ ማለትም በዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱትንና ከዚህ በኋላ በአጭሩ «ሲል» የምላቸውን ቀለበቶች፣ አልፎ ይገባል። በክረምት ደጅ የሚያድር ማሽን ይህ በሽታ ያለ እጥበትም ሊያገኘው ይችላል። የዘይቱ ቀለም ነጣ ብሎ ከታየ ከፍሳሹም በፊት የሚያሳስበው ውሃው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ዘይቱ የሚንጠባጠብበት ቦታና ዘይቱ የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ዘይት ከወጣበት ተነሥቶ የብረቱን ጠርዝ ተከትሎ ይወርዳል፤ ዝቅተኛው ቡሎን ላይ ሲደርስ ይጠራቀምና ከዚያ ይንጠባጠባል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ነገር ግን በብዙዎቹ የቆዩ ማሽኖች መግቢያ ዘንግ (ከሞተሩ ኃይል በሚቀበለው ዘንግ) ላይ ካምቢዮውን የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ ተገጥሟል፤ ከዚያ ዘንግ ኦይል ሲል የሚያመልጠውን ጥቂት ዘይት ይህ ማራገቢያ ወደ አራቱም አቅጣጫ ይረጨዋል። አቧራና የሣር ብናኝ በላዩ ሲለጠፍበት ሁሉም ቦታ የሚያፈስ ይመስላል። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው፤ የግራው አክስል (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ርሶ ስላየሁ የአክስሉን ሲል ፈትቼ ቀየርኩ። ያወጣሁት ሲል ከገዛሁት የማይተናነስ ደህና ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ግን ሁሉንም ገጥሜ ከጨረስኩና ዘይቱ በማግስቱ እዚያው ቦታ ከታየ በኋላ ነው።

ስለዚህ ምርመራውን በሁለት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ምሽት የደረቀውን ማሽን ሳያስነሡ ከሥሩ ሰፊ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩት፤ በካርቶኑ ላይም የጎማዎቹንና የካምቢዮውን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ቆሞ እያደረ የሚያፈስ ከሆነ ምንጩ ከዘይቱ ደረጃ በታች ያለ ነገር ነው፤ የአክስል ሲል፣ የማፍሰሻ ቡሎን፣ ወይም ካምቢዮው ከዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ክፍል) ጋር የሚጋጠምበት ጋስኬት (ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ካደረ በሁለተኛው ቀን ማሽኑን አስነሥተው ለሃያ ደቂቃ ያህል ይሥሩበትና አጥፍተው ወዲያውኑ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ሲሞቅና ሲዞር ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ መግቢያው ዘንግ ሲል፣ ሰሃኑን ወደሚያጋድለው ዘንግ ሲሎች ወይም ወደ ቻርጅ ፖምፓው ክዳን ኦሪንግ ያመዝናል። ማራገቢያው የረጨው ካልሆነ በቀር መነሻው ከፍተኛው እርጥብ ቦታ ነው፤ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የሕፃናት ፓውደርም ይረዳል። በደረቀው ብረት ላይ ስስ አድርገው ሲነሰንሱት ዘይቱ የሄደበትን መንገድ እንደ ጥቁር መስመር ያሳያል። በማራገቢያው አጠገብ ግን ነፋሱ ስለሚያበንነው አይሠራም፤ እዚያ የሚሻለው ማራገቢያውን አውልቆ ከሥሩ ያለውን የብረት ፊት መመልከት ነው። ከመሃል ወደ ዳር የተበተነ የዘይት ጨረር ካዩ ምንጩ የዘንጉ ሲል ነው። በሥራ ላይ ያሉ ቧንቧዎችንና የሃይድሮሊክ ማንሻውን የጎማ ቱቦዎች በእጅ እየዳሰሱ ፍሳሽ መፈለግ አይገባም፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ይህም በአስቸኳይ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ጉዳት ነው። በእጅ ፋንታ ቁራጭ ካርቶን ያስጠጉ።

ምንም ሲል ከመግዛትዎ በፊት መተንፈሻውን ይመርምሩ። ይህን ደረጃ በመጀመሪያው ቀን ብሠራው ኖሮ ብዬ የምቆጭበት ነው። በካምቢዮው አናት ላይ የተገጠመ ትንሽ ቆብ ወይም በዘይት መለኪያው ክዳን ላይ ያለ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ዘይቱና በላዩ ያለው አየር ሲሞቁ ይለጠጣሉ፤ መተንፈሻው በሣርና በጭቃ ከተደፈነ ግፊቱ መውጫ ሲያጣ በደካማው ሲል በኩል ዘይቱን ይገፋል። የእኛው ማሽን ቆብ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ የአቧራና የዘይት ቅልቅል አገኘሁ። ነቅለው በናፍጣ አጥበው፣ በአፍ ሲነፋ አየር ማሳለፉን አረጋግጠው ይመልሱት። አንዳንድ ጊዜ ፍሳሹ በዚህ ብቻ ይቆማል።

ሲሉን መቀየር የግድ ከሆነ ልኩ ላይ አይቸኩሉ። የአሜሪካ የቆዩ ማሽኖች ልካቸው በኢንች ነው፤ በሱቆቻችን በብዛት ያለው ደግሞ በሚሊሜትር ነው። እኔ የፈለግሁት ውስጡ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ውጪው አንድ ከሩብ ኢንች ነበር። አንድ ባለ ሱቅ፣ «ጋሼ፣ በኢንች አትድከሙ፤ 19 በ32ቱ ልክ ይገባል» አለኝና ገዛሁ። የውስጡ ልክ 19.05 ሚሊሜትር ስለሆነ ልዩነቱ አይሰማም፤ የውጪው ግን 31.75 ነውና የገዛሁት በ0.25 ሚሊሜትር ይበልጣል። በመዶሻ ገባ፤ ነገር ግን ሲገባ የብረት ቀለበቱ ተጣመመና በሦስተኛው ሣምንት ማፍሰስ ጀመረ። ስለዚህ አሮጌውን ሲል ይዘው ወደ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ ካሊፐርም (ውፍረትና ስፋት መለኪያ) ይያዙ፤ ሲሉ የተቀመጠበትን ቀዳዳም አስቀድመው ለክተው ቁጥሩን ይጻፉ። ትክክለኛው ከውጭ አገር እስኪመጣ መጠበቅ ካስፈለገም መጠበቁ ይረክሳል።

አሮጌውን ሲል ለማውጣት በመሰርሰሪያ በስቶ ብሎን አስገብቶ መሳብ የተለመደ አቋራጭ ነው። ለሌላ ማሽን ይሁን፤ ለዚህ ግን አልወደውም። በዚህ ፖምፓ ውስጥ ያሉት ክፍተቶች ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ስለሆኑ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ፒስተኖቹን ልትጭር ትችላለች። ጫፉ የታጠፈ መንጠቆ ይጠቀሙ፤ ዘንጉን እንዳይነካም ይጠንቀቁ። ሲሉ ከወጣ በኋላ ጥፍርዎን በዘንጉ ላይ ያንሸራቱ። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ አዲሱም ሲል በዚያው ያፈሳል። ቦታው ከፈቀደ አዲሱን አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ወደ ውጭ አስቀርቶ መግጠም ከንፈሩን ባልተበላ ብረት ላይ ያሳርፈዋል፤ ካልፈቀደ ግን በዘንጉ ላይ ስስ ቀለበት ማስለበስ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው።

አዲሱን ሲያስገቡ ስፕሪንጉ ያለበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዙር፤ ከንፈሩ ዘይት ይቀባ፤ በዘንጉ ጫፍ ያለው ሹል ጠርዝ እንዳይቀደው ስስ ፕላስቲክ ይጠቅለልበት። ከሲሉ ውጪ ልክ ጋር በሚቀራረብ ቡሶላ ቀስ እያሉ ቀጥ አድርገው ያስገቡት። የሰሃኑ ዘንግ ሲሎች አገጣጠምም ከዚህ አይለይም።

ጋስኬት የሚቀየርበት ቦታ ላይ ሲሊኮን በብዛት የመቀባት ልማድ አለ። የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይቆረጥና የቻርጅ ፖምፓውን መሳቢያ ሊደፍን ስለሚችል በወረቀት ጋስኬት ብቻ ይጠቀሙ፤ ቡሎኖቹንም በሰያፍ እያፈራረቁ በልኩ ያጥብቁ።

የዘይቱን ዓይነት ማሽኑ ራሱ ይወስናል። አንዳንዱ የሞተር ዘይት 20ደብሊው-50 ወይም 10ደብሊው-30፣ አንዳንዱ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ከዲፈረንሻሉ ጋር አንድ ቋት የሚጋራው ደግሞ ለሃይድሮሊክና ለካምቢዮ በጋራ የተዘጋጀ ዘይት ይፈልጋል። የማሽኑን መመሪያ ሳያዩ አይቀይጡ። ያፈሰሱትንም በጀሪካን ለሚረከብ ጋራዥ ይስጡ እንጂ ወደ ግንፍሌ ወንዝ በሚወርደው ቦይ አይድፉት።

ከሞሉ በኋላ የኋላ ጎማዎቹ ተነሥተው ሳለ ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት አስነሥተው ማንሻውን ቀስ እያሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ደጋግመው ያንቀሳቅሱት፤ ፉጨቱ እየቀነሰ ሲሄድ አየሩ እየወጣ ነው። አጥፍተው ደረጃውን ይለኩ፤ መጉደሉ አይቀርም፤ ይሙሉት። ከመጀመሪያው አጨዳ በኋላም ማሽኑ ሲቀዘቅዝ ደግመው ይለኩና አዲስ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩት።