የባቲ ጆሮ ይዛችሁ ኤሮስሚዝን እንዴት ትሰማላችሁ

ሀርድ ሮክ ሲከፈት «ኧረ ዝጉት፣ ጩኸት ነው» የምትሉ የወሎ ልጆች፣ አንድ አልበም ሞክሩልኝ። የአሜሪካው ሮክ ባንድ የኤሮስሚዝ «ፐርማነንት ቬኬሽን»፣ በፈረንጆቹ 1987 የወጣው።

በስልክ ስፒከር አትስሙት። ቤዙ ይጠፋና የሚቀራችሁ ጩኸቱ ብቻ ነው። የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ ሀረጎ ጠመዝማዛው ላይ በመስኮት እያያችሁ፣ በጣም ይመቻል።

ከመጀመሪያው ዘፈን ግን አትጀምሩ። «ሀንግማን ጁሪ» የሚለውን ፈልጉ። በሃርሞኒካና በአኮስቲክ ጊታር የሚነሳ ብሉዝ ነው፣ የባንዱ ሥር ያለው እዚህ ነው። ክራር ያለው ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ ባቲ ማይነር በሚባለው ቅኝት ይቃኝላችሁ፦ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። አንድ በአንድ ደርድሩት። እነዚህ አምስት ድምፆች የሮክ ጊታር የሚለማመድ ልጅ በየትም አገር መጀመሪያ የሚይዛቸው ናቸው፤ እነሱ ማይነር ፔንታቶኒክ ይሉታል፣ እኛ ሰኞ ሰኞ ገበያ በሚቆምባት ከተማ ስም እንጠራዋለን። ይሄን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ! ልዩነቱ ጊታሪስቱ ክሩን በጣቱ እየገፋ ድምፁን ያስለቅሰዋል። ያን ከክራር አታገኙትም፣ ማሲንቆ ላይ ግን ታውቁታላችሁ።

አሁን ታሪኩን ያዙ፣ አሰማማችሁን ይለውጠዋል። ባንዱ በ1970 ቦስተን ላይ ተመሠረተ፣ ገነነ፣ ከዚያ ሱስና ጠብ በላው። ጊታሪስቱ ጆ ፔሪ በ1979 ወጣ፣ ሌላኛው ጊታሪስት ብራድ ዊትፎርድ በ1981 ተከተለ። በ1984 ሁለቱም ተመለሱ፣ ግን በ1985 ያወጡት አልበም ብዙም አልሄደም። በ1986 ራን ዲኤምሲ የሚባሉት ራፐሮች የኤሮስሚዝን የድሮ ዘፈን ከነሱ ጋር አብረው ሠሩና አዲሱ ትውልድ ባንዱን አወቀው። ከዚያ ከሱስ እየተላቀቁ ቫንኩቨር ሄዱ፣ ብሩስ ፌርቤርን ፕሮዲውስ አደረገላቸው፣ እንደ ዴዝመንድ ቻይልድ ያሉ ከባንዱ ውጭ የሆኑ የዘፈን ደራሲዎችም ገቡ። ለአንጋፋ ባንድ ይህ ቀላል አይደለም። ሰው አስገብቶ መሥራት ኩራትን መዋጥ ይጠይቃል፣ እኔ በዚህ አከብራቸዋለሁ። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ5 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሄዷል።

ቀጥሎ «ራግ ዶል»። ትራምፔትና ሳክስፎን በሞላበት የድሮ ባንድ ላደገ ጆሮ ይሄ ቤቱ ነው። መጀመሪያ ነፋሾቹን ብቻ ተከተሉ፣ በሁለተኛው ዙር ከበሮውን።

«ኤንጅል»ን መጨረሻ ላይ አድርጉት። በአሜሪካው የዘፈን ደረጃ በቢልቦርድ ሠንጠረዥ 3ኛ የደረሰው እሱ ነው፣ ለኔ ግን ትንሽ ስኳሩ በዝቷል፤ በሱ ከጀመራችሁ ባንዱ የፍቅር ዘፈን ብቻ የሚዘፍን ይመስላችኋል።

ሲያልቅ ወደ «ሀንግማን ጁሪ» ተመለሱና ክራሩን አብራችሁ ሞክሩት። ድምፁ አልገጥም ካለ ዘፈኑን አትውቀሱ፣ ክሮቹን ሁሉ እኩል ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ እያደረጋችሁ ፈልጉት።