ሰው ወደ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት ኦክስጅኑን እንዴት እንለካለን?

ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ለገጣፎ ቤት የሠራ ሰው ጉድጓድ ሳያስቆፍር አይቀርም። የቧንቧ ውሃ ይጠፋል፣ ለመጸዳጃውም ሌላ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ቆፋሪው ገመድ ታጥቆ ሲወርድ አፈሩ እንዳይናድበት እንሰጋለን፤ ስለ አየሩ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰው ቀጥሮ ጉድጓድ የሚያስገባ ባለቤት አየሩን ራሱ መለካት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ቆፋሪው መሣሪያውን የሚገዛበት አቅም የለውምና።

ደጅ የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶው ኦክስጅን ነው። ተከድኖ በቆየ ጉድጓድ ውስጥ አፈሩና የሚበሰብሰው ነገር ኦክስጅኑን እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋሉ፤ እሱ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። የብረት ጋን ውስጥ ዝገቱ ራሱ ኦክስጅን ይጨርሳል። ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ያሉ ሰዎች አየራቸውን ያለማቋረጥ የሚለኩት የተዘጋ ቦታ ስለሆነ ነው፤ አሥር ሜትር የወረደ ጉድጓድም ከዚያ ብዙ አይለይም።

መሣሪያው

አራት ጋዝ የሚለካውን ይግዙ ወይም ይከራዩ፤ ኦክስጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ተቀጣጣይ ጋዝ የሚያሳየውን። ፋኖስ ወይም ሻማ አውርዶ መሞከር የቆየ ልማድ ነው፤ እሳቱ የሚጠፋው ግን ኦክስጅኑ ወደ 16 በመቶ ገደማ ከወረደ በኋላ ነው፣ ስለ መርዛማ ጋዝም ምንም አይነግርም። የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ስላለ እሳት ፈጽሞ አይውረድ።

መጀመሪያ መሣሪያውን ግቢው ውስጥ፣ ከጉድጓዱና ከጄነሬተር ጭስ ርቀው ንጹህ አየር ላይ ያብሩትና 20.9 ላይ ያስተካክሉት። ይህን እኛ ዘንድ መዝለል አይቻልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ አንዳንዱ ሴንሰር (የመሣሪያው ጋዝ ለኪ ክፍል) የሚያነበው ደግሞ የኦክስጅኑን ግፊት ነው። በባሕር ጠረፍ ከተማ የተስተካከለ እንዲህ ያለ መሣሪያ እዚህ ሲከፈት 16 አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት፣ ያስተካክሉት። ቀጥሎ ሴንሰሩ ላይ ቀስ ብለው ይተንፍሱበት፤ ከአፍ የሚወጣ ትንፋሽ ኦክስጅኑ 16 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቁጥሩ ወርዶ መጮህ አለበት። ካልጮኸ ሰው አይግባ። የኦክስጅን ሴንሰር ባይሠሩበትም ያረጃል፤ ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ገደማ ነው የሚያገለግሉት።

አለካኩ

ገመድ ላይ በየሜትሩ ቋጠሮ ያድርጉ፣ መሣሪያውን አጥብቀው ይሰሩትና ያውርዱ። በየሜትሩ ቆም እያሉ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ሚቴን ወደ ላይ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ታች ስለሚሄዱ አፉ ላይ ብቻ መለካት ያታልላል። ሲያወጡት መሣሪያው የመዘገበውን ዝቅተኛ ቁጥር ያንብቡ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ሱሉልታ ዘመዴ ግቢ፣ ሁለት ወር በቆርቆሮ ተከድኖ የቆየ 12 ሜትር ጉድጓድ ነበር። ቆፋሪው ጫማውን አውልቆ፣ «ጋሼ፣ ትናንት ጎረቤት ወርጄ የለም እንዴ?» አለኝ። እስከ አምስተኛው ቋጠሮ ዝም። ስምንተኛው ላይ ከታች ቀጭን ጩኸት መጣ። ስናወጣው ዝቅተኛው 17.2 ይላል። ልጁ ቁጥሩን አየ፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር ጫማውን መልሶ አጠለቀ።

መሣሪያው የሚጮኸው ከ19.5 በታች ሲሆን ነው፤ እኔ ግን 20 ቢያሳይም ሰው አላስገባም። አፈሩ አንድ በመቶ ኦክስጅን ሲበላ ተመጣጣኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊተካ ይችላል፣ አራት በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። አራት ጋዙ መሣሪያ ይህን ጋዝ ስለማያሳይ ኦክስጅኑ ትንሽም ቢጎድል ምክንያቱ ይፈለግ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አሥር እጅ) ከደረሰ ሥራው ይቁም። የበሰበሰ እንቁላል ሽታውን አይመኑ፤ 100 ፒፒኤም አካባቢ አፍንጫ ይደነዝዛል፣ ሽታው የጠፋ ይመስላል።

ቁጥሩ ከጎደለ

በብሎወር (አየር በሚነፋ ማሽን) ሰፊ ቱቦ እስከ ታች አስገብተው ንጹህ አየር ይንፉ። በባልዲ ማራገብ አይበቃም። ጄነሬተሩ ነፋሱ ጭሱን ወደ ጉድጓዱ በማያመጣበት በኩል ይራቅ፤ በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ማስነሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚሞላው ሰው ይገድላል። ከብየዳ ቤት የኦክስጅን ሲሊንደር አምጥቶ መልቀቅም አደጋ ነው፤ ከ23.5 በመቶ በላይ ልብስ እንኳ በብልጭታ ይነዳል። የሱሉልታውን 40 ደቂቃ ነፍተን ስንለካ ታች 20.8 ሆነ፣ ልጁ ብሎወሩ ሳይጠፋ ወረደ።

የወረደው ሰው መሣሪያውን ደረቱ ላይ ይያዝ፤ ሲጮህ ሳይከራከር ይውጣ። ከምሳ ሲመለስ እንደገና ይለካ። ላይ ሁለት ሰው ገመዱን ይዞ ይቁም፣ ገመዱም ወገብ ላይ ብቻ ሳይሆን ትከሻና ጭን በሚይዝ ቀበቶ ላይ ይታሰር፤ ራሱን የሳተ ሰው ቀጥ ብሎ የሚወጣው እንዲያ ነው።

ሰው ታች ከወደቀ ማንም ተከትሎት አይግባ። ወንድሙም ቢሆን ይያዝ፤ ሊያወጣ የገባውም ያንኑ አየር ተንፍሶ እዚያው ይቀራል። በገመዱ ይሳቡት፣ ብሎወሩን ይክፈቱ፣ አዲስ አበባ ከሆኑ ወደ 939 ይደውሉ። ከከተማዋ ወሰን ውጭ ያላችሁ ደግሞ ቅርብ ያለውን የእሳት አደጋ ጣቢያ ስልክ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ጠይቃችሁ፣ ለገመድ ያዦቹ ስልክ ላይ አስመዝግቡ።