«ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል» እና ሌሎች ስህተቶች፦ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ተማሪዎች

ብዙዎቻችን ወደዚህ ትምህርት የገባነው በእንስሳት ፍቅር ነው። ልጅ ሆነን በቴሌቪዥን ያየነው አቦሸማኔ አሳብዶን ነው። ይህ አያሳፍርም። ግን የትምህርቱ ግማሽ ስለ ሰው መሆኑን ማንም አስቀድሞ አይነግረንም። «የማህበረሰብ ተሳትፎ» የሚለው ኮርስ ሲመጣ እንደ እረፍት ሰዓት እናየዋለን። ዝሆን መቁጠር ሳይንስ፣ ገበሬ ማነጋገር ወሬ ይመስለናል። ጉዱ የሚመጣው መስክ ስንወጣ ነው።

እኔ ራሴ የሠራኋቸውንና በኋላ የሌሎችን ጽሑፍ ሳነብ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ላካፍላችሁ። አብዛኞቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታወቃሉ።

«ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር በመመረቂያ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያልጻፈ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ጽፌያታለሁ። ስለ ዝሆን 60 ገጽ፣ ስለ ሰው ግማሽ ገጽ፣ ከዚያ «ግንዛቤ»።

በቆሎው በአንድ ሌሊት የተበላበት ገበሬ የጎደለው ግን ግንዛቤ አይደለም። ዝሆኑ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ወር እንደሚመጣ ከእናንተ በላይ ያውቃል። የጎደለው እንቅልፍ ነው። ሰብሉ እስኪሰበሰብ ማሳው ላይ ያድራል። ልጁ አብሮት ካደረ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ወይም ጭራሽ አይሄድም። የተበላውን እህል ብቻ የሚመዝን ጥናት ይህን ወጪ አያየውም።

ከሰው ችግር የተነሳ ጥናት ምን እንደሚመስል ለማየት ኬንያን እንመልከት። እዚያ ዝሆን ንብ ያለበትን ዛፍ ይሸሻል የሚል ወሬ ነበር። ተመራማሪዋ ሉሲ ኪንግ ወሬውን አልናቀችውም። የንብ ድምፅ ቀድታ ለዝሆኖች አሰማች፤ አብዛኞቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። ከዚያ የንብ ቀፎ አጥር መጣ። ቀፎዎች በማሳው ዙሪያ ይንጠለጠሉና በሽቦ ይያያዛሉ። ዝሆኑ ሽቦውን ሲገፋ ቀፎዎቹ ይነቃነቃሉ፣ ንቦቹም ይወጣሉ። ገበሬው ማሩን ይሸጣል። ቀፎዎቹ ባዶ ከሆኑ ግን አጥሩ ብዙም አይረባም፤ ስለዚህ መፍትሔው የሚሠራው ገበሬው ንብ ማነብ ከፈለገና ከቻለ ብቻ ነው። ያንን ደግሞ ሳትጠይቁት አታውቁም።

«ማህበረሰቡ ተስማምቷል»

ማን ነው ማህበረሰቡ? ስብሰባው ላይ ፊት የተቀመጡት አምስት ሽማግሌዎች? ፓርኩ ሲከለል እንጨት የምትለቅምበትን ቦታ የምታጣው ሴት ከኋላ ቆማለች፣ ወይም አልተጠራችም። ፍየሉን ጅብ የበላበት እረኛ በዚያ ሰዓት ከከብቶቹ ጋር ነው። ከቱሪስት ገንዘብ የሚያገኘውና ጉዳቱን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። «82 በመቶው ጥበቃውን ይደግፋል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የቀረው 18 በመቶ ማን እንደሆነ እዩ። እንስሳውን በየቀኑ የሚያገኘው እሱ ሊሆን ይችላል።

«አንበሳ ገድለህ ታውቃለህ?»

መጠይቅ ይዞ ሄዶ ይህን በቀጥታ የሚጠይቅ ተማሪ አለ። ድርጊቱ በሕግ የሚያስከስስ ሆኖ ሳለ! መልሱ «አይ» ነው፤ በሰንጠረዡ ላይም 0 ይገባል። ከዚያ «በአካባቢው ሕገ ወጥ አደን የለም» ይባላል።

ተመራማሪው ስታንሊ ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ብልሃት አቅርቦ ነበር። ዛሬ በብዙ መልክ ይሠራበታል። ቀላሉ በሳንቲም ነው። ተጠያቂው ሳንቲሙን ለብቻው ይወረውራል፣ ለእናንተ አያሳይም። ዘውድ ከወጣ፣ ገደለም አልገደለም «አዎ» ይላል። ጎፈር ከወጣ እውነቱን ይናገራል። «አዎ» ያለው ሰው ገዳይ ይሁን ሳንቲሙ ያስገደደው፣ እናንተም አታውቁም፣ ማንም አያውቅም። አሁን 200 ሰው ጠይቃችሁ 130 «አዎ» አገኛችሁ እንበል። 100ዎቹ በግምት የሳንቲሙ ናቸው። የቀሩት 30 ጎፈር ከወጣላቸው 100 ሰዎች የመጡ ስለሆኑ ግምታችሁ 30 በመቶ ይሆናል። ግማሹ መልስ ስለሚባክን ብዙ ሰው መጠየቅ ግድ ነው፤ 20 ሰው ላይ አትሞክሩት።

ብልሃቱ የሚሠራው ሰውየው ካመናችሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን የፓርክ ጠባቂዎች መኪና ላይ ሆናችሁ መንደር ከገባችሁ ሳንቲሙም አያድናችሁም።

«የጋራ የሆነ ነገር መጥፋቱ አይቀርም»

የሥነ ምህዳር ምሁሩ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ያነሳው የጋራ ግጦሽ ክርክር (እያንዳንዱ ለራሱ ከብት ሲጨምር ግጦሹ ለሁሉም ያልቃል የሚለው) አንደኛ ዓመት ላይ ይነበብና ብዙ ተማሪ እዚያው ይቀራል። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ኤሊኖር ኦስትሮም ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ሰዎች ያለ መንግሥት አለቃም ያለ ግል ባለቤትም ግጦሽና ውሃ ለዘመናት ጠብቀው የኖሩባቸውን ቦታዎች አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልማለች። ሁሌም ይሳካል አላለችም። እንዲሳካ ድንበሩ መታወቅ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው መቆጣጠር፣ ቅጣቱም ከቀላል መጀመር አለበት። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ የገጠር ማህበረሰቦች በመሬታቸው ካለው የዱር እንስሳ እንዲጠቀሙና እንዲያስተዳድሩት መብት ሰጥታለች። መብት የሌለውን ሰው «ተሳተፍ» ማለት ትንሽ ይከብዳል።

«አላየሁም፣ ስለዚህ የለም»

በስታቲስቲክስ መስነፍ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሌሊት ካሜራችሁ ፊት የማለፍ ዕድሉ 10 በመቶ የሆነ ነብር፣ 10 ሌሊት ጠብቃችሁ አንዴም ላይታይ የሚችልበት ዕድል 35 በመቶ ገደማ ነው። እረኛው «አለ» ካላችሁ እሱን ስሙት፣ ካሜራውንም አቆዩት።

በነገራችን ላይ፣ ያነሳችሁትን የአውራሪስ ፎቶ ጂፒኤሱን ሳታጠፉ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ። አዳኝም ስልክ አለው።

«ውጤቱን እንልክላችኋለን»

ይህን የምንለው ስንሰናበት፣ ደስ ብሎን ነው። ከዚያ መመረቂያው፣ ሥራ ፍለጋው፣ ሕይወቱ ይመጣል። መላክ የማትችሉትን አትናገሩ። መላክ ከቻላችሁ ደግሞ የጽሑፉን ቅጂ አትላኩ። በቋንቋቸው አንድ ገጽና አንድ ካርታ ይበቃል። ከጊዜና ከገንዘብ ዕቅዳችሁ ላይ ለመመለሻ ጉዞ ከመጀመሪያው አስቀምጡ።

እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ሽማግሌ ቤት ደጃፍ ላይ፣ 40 ጥያቄ ያለው መጠይቄን ዘርግቼ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ይህን ከአንተ በፊት ሦስት ልጆች ጠይቀውኛል» አሉኝ። ስለተሰላቹ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቀጠሉ፦ «ያ የመጀመሪያው ቀጭኑ ልጅ ግን ተመረቀ?»

«አላውቅም አባባ» አልኳቸው።