«አርፈዋል» አልኳት፦ የሞት ዜና ዋርድ ውስጥ እንዴት ይነገራል?

በነርስነት ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ወር ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንዲት ሴት አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጣች። አባቷ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተዋል። ኮሪደሩ ላይ አስቆምኳትና «አባትሽ አርፈዋል» አልኳት። ፊቷ በራ።

«ተመስገን! ማታ ሲያቃስቱ ነው ትቻቸው የሄድኩት። እንግዲያው አልቀሰቅሳቸውም፤ ሲነቁ ይሄን ስጪልኝ ሲስተር» ብላ ፔርሙዙን አቀበለችኝ። እኔም ተቀበልኳት።

ይሄ ከሆነ 16 ዓመት አለፈው። አዲስ ነርስ ወደ ዋርዳችን በመጣ ቁጥር ቁጭ አድርጌ የምነግረው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ቃሉን በግልጽ በሉት። «ሞተዋል»። ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ እኔን እስካሁን ይከብደኛል። «ሕይወታቸው አልፏል»ም ያስኬዳል። «አርፈዋል» ግን ሁለት ትርጉም አለው፤ ሆስፒታል የመጣ ሰው የሚሰማው ደግሞ የሚመኘውን ነው። «ደክመዋል»ንም ተዉት። እንደዚያ ሲባል መድኃኒት ልግዛ ብሎ የሮጠ ልጅ አይቻለሁ።

ከቃሉ በፊት ግን ሰው አለ። አገራችን ውስጥ መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰብሰብ ብሎ ነው የሚሄደው። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሐኪሞች የሚማሩት ስፓይክስ የሚባል ባለ 6 ደረጃ መመሪያ አለ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ለካንሰር ታማሚ ክፉ ዜና መንገሪያ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ገለል ያለ ቦታ ማመቻቸት፣ ቁጭ ብሎ ማውራት፣ ሰውየው የሚፈልገውን ዘመድ አብሮ ማስቀመጥ ነው። አያቴ ይሄን ለመማር ኮሌጅ አልገባችም።

ስለዚህ ታማሚው አልጋ ይዞ ሲተኛ ካርዱ ላይ ሁለት ስልክ ጻፉ። አንዱ የሚስት ከሆነ ሌላው የወንድም ወይም የጎረቤት ይሁን። ከአስታማሚዎቹ መሃል ልቡ ጠንከር ያለው ማን እንደሆነ በጊዜ አስተውሉ። ብዙ ጊዜ አጎት ነው፤ አንዳንዴ ግን ጥግ ላይ ዝም ብላ የምትቀመጠው ትንሿ እህት ሆና ትገኛለች። መጀመሪያ ለእሷ ንገሯት፤ ለእናትየው እንዴት እንደሚነገር እሷ ታውቃለች።

በስልክ አትንገሩ። «ትንሽ ብሶባቸዋል» ብላችሁ መዋሸትም አያስፈልግም። እኔ «በስልክ የማልነግርህ ነገር አለ፣ ሰው ይዘህ ና» እላለሁ። የገባው ይገባዋል። «ያው ነገርሽው እኮ» የሚለኝ ዶክተር አለ። ሰውየው መሪ ይዞ ቢሆንስ?

ቦታውን በተመለከተ፣ እኛ ጋ ትርፍ ክፍል የለም። ሻይ የምንጠጣበትን ክፍል ነው የምጠቀመው። ብርጭቆውን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ መቀሱን አስቀድሜ አነሳለሁ። ሲነገራቸው ደረት የሚመታ፣ መሬት ላይ የሚወድቅ አለ። «ዝም በሉ፣ ሌላ በሽተኛ አለ» ማለት ለኔ ነውር ነው። ሌላ በሽተኛ መኖሩ ግን እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ከመጣ ግቢ ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ወስዳችሁ ንገሩ። እዚያ እንደልባቸው ያልቅሱ። እናንተ እንዳይጎዱ ያዝ አድርጓቸው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካላችሁ በኋላ አፍ መዝጋት ነው። ስለ ኦክስጅኑ፣ ስለ ደም ግፊቱ ማብራራት የምንጀምረው እኛው ስለጨነቀን ነው። ሲጠይቁ መልሱ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ጥያቄ ይመጣል። እድር ካላቸው ሰብሳቢውን ያስጠሩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሩጫ እድሩ ይችለዋል። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ቀብሩ ቶሎ ስለሆነ የሞት ማስረጃ ወረቀቱን ቅድሚያ አስፈርሙ። አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና አደጋ ወይም የፖሊስ ጉዳይ ከሆነ አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሊሄድ እንደሚችል ያኔውኑ ተናገሩ። ድንኳን ከተተከለ በኋላ ከሰሙት ሌላ መርዶ ነው።

የመጨረሻው ዕቃ ነው። ጫማ፣ ጋቢ፣ ስልክ፣ የአንገት ማተብ። አጣጥፋችሁ፣ ቆጥራችሁ፣ አስፈርማችሁ በእጃቸው ስጡ እንጂ በፌስታል ጠቅልላችሁ አልጋ ላይ አትወርውሩ። ምሳ ዕቃም አይረሳ።

እኔ ረስቼ ነበር። የዚያችን ሴት ፔርሙዝ ማታ ልወጣ ስል ጠረጴዛዬ ሥር አገኘሁት። ስከፍተው አጥሚቱ ገና ለብ እንዳለ ነው።