16 ቁልፍ በ8 ሽቦ፦ ኪፓድ የተጫናችሁትን እንዴት ያውቃል?

ለእናቴ ሱቅ በር የሚስጥር ቁጥር መቆለፊያ ስሠራ ነው ኪፓድን (የቁጥር ቁልፎች ሰሌዳን) በደንብ ያወቅሁት። የያዝኳት ያቺን ስስ ተለጣፊ 4 በ4 ኪፓድ ነበር። ቁልፎቿ 16፣ ሽቦዎቿ ግን 8 ብቻ። መቆለፊያውን የሚያዘው ትንሹ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ አርዱዊኖ ኡኖ፣ ሽቦ የሚገናኝባቸው ያሉት 20 ፒኖች ናቸው። ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ አንድ ፒን ብንሰጥ ለስክሪኑና ለመቆለፊያው ምን ይተርፋል? ስለዚህ ቁልፎቹ በ4 ረድፍና በ4 ዓምድ ተደርድረዋል። አንድ ቁልፍ ሲጫን አንድን ረድፍ ከአንድ ዓምድ ጋር ያገናኛል።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አንሱና ግንኙነት ሲያገኝ የሚጮኽበት ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ 1ኛው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን 5ኛው ላይ አድርጉና ቁልፎቹን በየተራ ተጫኑ። የእኔ «1» ላይ ምላሽ ሰጠ። ቴስተሩ ካልጮኸ ተበላሽቷል አትበሉ፤ የስስ ኪፓድ መስመር ራሱ ሬዚስታንስ (ከረንትን የመቋቋም ባሕርይ) ስላለው ወደ ኦም አዙራችሁ ለኩ። ያገኛችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉ።

አሁን 4ቱን ዓምዶች ኢንፑት ፑልአፕ አድርጓቸው፤ ማለትም ፒኑ ያነባል፣ የሰሌዳው የውስጥ ሬዚስተር ደግሞ ወደ 5 ቮልት ይስበዋል። የውስጡ ሬዚስተር ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሆነ ምንም ካልተጫነ ዓምዱ 5 ቮልት ላይ ይቆማል። ከዚያ ረድፎቹን በየተራ ወደ ዜሮ ቮልት አውርዱ። «5»ን ተጭናችኋል እንበል። 1ኛው ረድፍ ዜሮ ሲሆን ዓምዶቹ ንቅንቅ አይሉም። 2ኛው ዜሮ ሲሆን 2ኛው ዓምድ አብሮ ይወርዳል። 2ኛ ረድፍ፣ 2ኛ ዓምድ፤ «5» ማለት ነው።

እዚህ ጋ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ተራቸው ያልደረሰ ረድፎችን አውትፑት ሃይ (5 ቮልት የሚያወጡ) አድርጋችሁ አትተዉ፤ ወደ ኢንፑት መልሷቸው። እኔ ከተራ ቁልፎች በበየድኩት ሌላ ሰሌዳ ላይ ይህን አላደረግሁም ነበር። «2» እና «5» አንድ ላይ ሲጫኑ የአንዱ ረድፍ 5 ቮልት ከሌላው ዜሮ ጋር በዓምዱ በኩል ተገናኘ። ሾርት! አንድ ፒን ሞተብኝ።

ቁልፍ ሲጫን ብረቱ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይንቀጠቀጣል፤ አንዴ ተጭናችሁ ሦስት ጊዜ ሊቆጥር ይችላል። ከ20 ሚሊሰከንድ በኋላ ደግማችሁ አንብቡና ያው ቁልፍ ከሆነ ብቻ ተቀበሉት።

በጣም የሚገርመኝ ግን ያልተነካ ቁልፍ ተጫነ መባሉ ነው። «1»፣ «2» እና «4»ን አንድ ላይ ያዙ። 2ኛው ረድፍ ዜሮ ሲሆን «4» 1ኛውን ዓምድ ያወርዳል። ያ ዓምድ በ«1» በኩል 1ኛውን ረድፍ ይጎትታል። 1ኛው ረድፍ ደግሞ በ«2» በኩል 2ኛውን ዓምድ። ሰርኪዩቱ «5» ተጭኗል ይላል! ራሳችሁ የምትበይዱት ሰሌዳ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አስገቡ፤ ጥቁሯ መስመር ወደ ረድፉ ትዙር። ያኔ ከረንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አይዞርም።

ተለጣፊዋ ኪፓድ ውስጥ ዳዮድ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ በሱቁ በር ላይ ከአንድ በላይ ቁልፍ ከታየ ሁሉንም ጥሎ ጣት እስኪነሳ እንዲጠብቅ አድርጌ ጻፍኩት።